የወረደን ሹም ማውረድ

«የወረደን ሰው ምኑን ያወርዱታል?»

በ2013 ዓ.ም. ጥርና የካቲት ይህችን ጥያቄ ያልሰማ፣ ወይም ራሱ ያልጠየቀ አማርኛ ተናጋሪ ብዙ አይመስለኝም። ዶናልድ ትራምፕ ከዋይት ሐውስ ወጥተው ፍሎሪዳ ገብተዋል። ጆ ባይደን መሐላ ፈጽመው ሥራ ጀምረዋል። ዋሽንግተን ላይ ግን መቶ ሴናተሮች ምለው፣ የወጣውን ሰው ሊዳኙ ተቀምጠዋል። የኛ ዜና ደግሞ ነገሩን «ትራምፕን ከሥልጣን ለማንሳት የቀረበ ክስ» እያለ ያነባል። ከየትኛው ሥልጣን?

ጥያቄው የየዋህ ይመስላል እንጂ አይደለም። የአሜሪካ ሴኔት ራሱ ሁለት ጊዜ፣ በ1876 እና በ2021፣ ድምፅ ሰጥቶበታል። ሁለቱንም ጊዜ መልሷል፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሱ አልጸናም። (እነዚህም ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ለምን እንዳልጸና ለማየት ቀስ ብለን እንሂድ፤ መጀመሪያ ግን ከቃሉ ጋር እንታረቅ።

ግራ መጋባቱ ግማሹ የሕጉ፣ ግማሹ የአማርኛችን ጥፋት ነው። ኢምፒችመንት ማለት ክስ ነው፤ መሻር አይደለም። አንድሩ ጆንሰን በ1868፣ ቢል ክሊንተን በ1998፣ ትራምፕም በ2019 ተከስሰዋል፤ ሦስቱም ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀርተዋል። የተወካዮች ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ይከሳል፤ ሴኔት ምሎ ይዳኛል፤ ጥፋተኛ ለማለት ከተገኙት ሴናተሮች ሁለት ሦስተኛው ያስፈልጋል። መሻር ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ቅጣት ነው። ቃሉን «ከሥልጣን ማንሳት» ብለን ስንተረጉመው ሳይታወቀን ፍርድ ሰጥተናል፤ ኢምፒችመንት ማንሳት ብቻ ከሆነ፣ የተነሣን ሰው ማንሳት የለምና ጥያቄው ሳይጀመር አለቀ። ስለዚህ በዚህ ትምህርት «የምክር ቤት ክስ» እለዋለሁ። ስሙ ውበት የለውም፤ ግን አይዋሽም።

አሁን ወደ ሕገ መንግሥቱ። ጣታችንን የምናሳርፍባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። አንቀጽ 1 የመክሰስን ሥልጣን ለተወካዮች ምክር ቤት ብቻ፣ ክሶችን ሁሉ የመዳኘትን ሥልጣን ደግሞ ለሴኔት ብቻ ይሰጣል። «ሁሉ» የምትለዋን ቃል ያዟት፤ ኋላ ትፈለጋለች። ሁለተኛው ቦታ እዚያው አንቀጽ 1 ውስጥ ያለው የቅጣት ጣሪያ ነው። የሴኔት ፍርድ ከሁለት ነገር ሊያልፍ አይችልም፤ ከሥልጣን ማንሳት፣ እና በአሜሪካ መንግሥት ሥር ሌላ ማዕረግ ወይም ሹመት ዳግመኛ እንዳይዝ መከልከል። መታሰርም መቀጮም የለም፤ ያ የመደበኛ ፍርድ ቤት ሥራ ነው። ሦስተኛው አንቀጽ 2፣ ክፍል 4 ነው። ፕሬዚዳንቱ፣ ምክትሉና ሲቪል ሹማምንት ሁሉ በአገር ክህደት፣ በጉቦ ወይም በሌላ ከባድ ወንጀልና ጥፋት ተከስሰው ጥፋተኛ ሲባሉ ከሥልጣን እንዲነሡ ያዛል።

«የወጣ ሹም አይከሰስም» የሚሉት ሰዎች የሚነሡት ከሦስተኛው ነው፤ ክርክራቸውም ተራ አይደለም። አንቀጹ የሚጠራው ፕሬዚዳንቱን ነው፤ የቀድሞውን ፕሬዚዳንት አላለም። ያዘዘውም መነሣትን ነው፤ ትእዛዙ ግዴታ እንጂ ምርጫ አይደለም። ግዴታ የሆነው ቅጣት የማይፈጸምበት ሰው የዚህ ሥርዓት ሰው አይደለም ይላሉ። ጣሪያውም ሁለቱን ቅጣቶች በ«እና» አያይዟቸዋል፤ ክልከላው የመነሣት ተከታይ ነው፤ ፊተኛው በሌለበት ኋለኛው ከየት ይመጣል? በዚህ ላይ ከሥልጣን የወጣ ሰው እንደኔና እንደናንተ ተራ ዜጋ ነው። ሕገ መንግሥቱ ምክር ቤት በአዋጅ ሰውን ያለ ፍርድ ቤት እንዳይቀጣ ከልክሏል፤ ተራ ዜጋን ፖለቲከኞች ይዳኙት ማለት ያንን በር በጓሮ መክፈት ነው። ታላቁ ዳኛና የሕግ ጸሐፊ ጆሴፍ ስቶሪ በ1833 ባሳተመው የሕገ መንግሥት ማብራሪያ ወደዚህ ወገን አዘንብሎ ነበር።

«ይከሰሳል» የሚሉት ደግሞ ያንኑ አንቀጽ በሌላ ዓይን ያነቡታል። ክፍል 4 የሚናገረው ስለ ቅጣት ነው፤ ስለ ተከሳሽ ማንነት አይደለም። ጥፋተኛ የተባለው ሰው ወንበር ላይ ከተገኘ ሴኔቱ ሊምረው አይችልም፣ ይነሣ ማለት ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሕጉ «ሰክሮ ያሽከረከረ መንጃ ፈቃዱ ይነጠቃል» ቢል፣ ፈቃዱ ትናንት ጊዜው ያለፈበት ሾፌር «የምትነጥቁኝ የለኝምና ልትከሱኝ አትችሉም» ብሎ ሊሄድ ነው? ምሳሌው ትንሽ እንደሚያነክስ ግን አልደብቅም። ትራፊክ ችሎት ማንንም ሰው የመዳኘት ሥልጣን አለው፤ የሴኔት ሥልጣን ግን በሹማምንት ላይ የተወሰነ ነው፤ ክርክሩም ሹመቱ የሚለካው ጥፋቱ በተፈጸመበት ቀን ነው ወይስ ፍርዱ በሚሰጥበት ቀን ነው የሚል ነው። ጽሑፉ ይህን አይናገርም። ሐቀኛ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይላል።

ጽሑፍ ዝም ሲል ታሪክ ይጠየቃል። አሜሪካኖቹ ይህን ሥርዓት ከባዶ አልፈጠሩትም፤ ከእንግሊዝ ነው የወረሱት። በእንግሊዝ ደግሞ የወጣ ሹም መክሰስ አዲስ ነገር አልነበረም። የንጉሡ ሎርድ ቻንስለር የነበረው የማክልስፊልድ ኧርል በ1725 ሥልጣኑን ለቅቆ ነው የተከሰሰው፤ ጥፋተኛም ተብሎ 30,000 ፓውንድ ተቀጣ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዋረን ሄስቲንግስ ጉዳይ ነው። ሄስቲንግስ የቤንጋል ጠቅላይ ገዥ ነበር፤ በ1785 ሥራውን ትቶ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1787 የጸደይ ወራት፣ በኤድመንድ በርክ መሪነት ተከሰሰ። ያ ዓመት በፊላደልፊያ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የተረቀቀበት ነው። መስከረም 8 ቀን የቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰን ተነሥቶ የሄስቲንግስን ስም ጠራ። ረቂቁ እስከዚያ ድረስ ለክስ የሚያበቁ ጥፋቶች ብሎ የያዘው ክህደትንና ጉቦን ብቻ ነበር፤ ሜሰን እንደ ሄስቲንግስ ያለ ሰው በዚህ አይያዝም ብሎ ተሟገተ። «ከባድ ወንጀልና ጥፋት» የሚለው ሐረግ የገባው በዚያ ክርክር ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አርቃቂዎቹ አንቀጹን ሲያሰፉ በዓይናቸው ፊት የቆመው ተከሳሽ ወንበሩን ከለቀቀ ሁለት ዓመት ያለፈው ሰው ነበር። «ይህማ ወጥቷል፣ ምን ያደርግልናል» ብሎ የተቃወመ አልነበረም። (የሄስቲንግስ ችሎት በ1788 ተጀምሮ ሰባት ዓመት ፈጅቶ በ1795 በነጻ ተሰናበተ። ኃጢአቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሰባት ዓመት ችሎት መመላለስ ራሱ ቅጣት ነው።)

ክፍለ ግዛቶቹም ከፌዴራሉ ቀድመው ጽፈው ነበር። የቨርጂኒያ የ1776 ሕገ መንግሥት ገዥው የሚከሰሰው ከሥልጣን ሲወርድ ነው ይላል፤ ደላዌርም እንዲሁ፣ ክሱ ከወረደ በ18 ወር ውስጥ እንዲቀርብ ገደብ አስቀምጣ። ፔንሲልቬንያ በሥልጣን ላይም፣ ከለቀቀም በኋላ አለች። ቶማስ ጀፈርሰን ራሱ በ1781 የቨርጂኒያ ገዥነቱን ካስረከበ በኋላ ምክር ቤቱ ምርመራ ከፍቶበት ነበር፤ ኋላ ምስጋና ተሰጥቶት ተዘጋ እንጂ። አሁን ይህን ማስረጃ ሁለቱም ወገን እንደሚጎትተው ልብ በሉ። አንዱ «በዘመኑ የታወቀ ነገር ስለነበር የፌዴራሉ ሕግ መድገም አላስፈለገውም» ይላል። ሌላው «ክፍለ ግዛቶቹ በግልጽ መጻፍ እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ፌዴራሉ ያልጻፈው ስላልፈለገ ነው» ይላል። ዝምታ ለሁለት ጌታ የሚያድር ምስክር ነው። ለኔ የፊተኛው ይበልጥ ያሳምነኛል፤ የአንድን ሥርዓት ስም ወስዶ ይዘቱን ለመቀነስ የፈለገ ሕግ አውጪ መቀነሱን ይጽፋል፤ አርቃቂዎቹም ቅጣቱን ሲቀንሱ ጽፈውታል።

የመጀመሪያው የፌዴራል ክስ፣ የቴነሲው ሴናተር የዊልያም ብላንት፣ ሊያስተምረን ሲችል አላስተማረንም። ብላንት እንግሊዞች የስፔንን ፍሎሪዳና ሉዊዚያና እንዲይዙ ሲያሤር ደብዳቤው ተያዘ፤ ሐምሌ 7 ቀን 1797 ተከሰሰ፣ በማግስቱ ሴኔቱ አባረረው። በ1799 ሴኔት 14 ለ11 በሆነ ድምፅ ክሱን ዘጋው። የተዘጋው ሴናተር «ሲቪል ሹም» ስላልሆነ ነው ወይስ ብላንት ስለወጣ? ውሳኔው ሁለቱንም ምክንያት ሊሸከም ይችላል፤ ብዙዎች የሚያነቡት በፊተኛው ነው። ከጠበቆቹ አንዱ ጄርድ ኢንገርሶል ሹም አጥፍቶ ሥልጣን በመልቀቅ ከቅጣት ያመልጣል ብሎ እንደማይከራከር ተናግሮ ነበር። ጠበቃ የደንበኛውን በር በገዛ እጁ ሲዘጋ ማየት ብርቅ ነው። ከዓመታት በኋላ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኖ ሳለ፣ በ1846፣ በሥልጣን ዘመኑ ለሠራው ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ምክር ቤት ሊከሰስ እንደሚችል ቆሞ ተናግሯል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ዊልያም ቤልክናፕ። ይህን ታሪክ ሳይረዱ የ2021ን መረዳት አይቻልም፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ቤልክናፕ የፕሬዚዳንት ዩሊሰስ ግራንት የጦር ሚኒስትር ነበር። በ1870 በወጣ ሕግ በየጦር ሰፈሩ ሱቅ የሚከፍተውን ነጋዴ መሾም የሚኒስትሩ ሥልጣን ሆነ። በዚያ በረሃ ወታደሩ ሌላ የሚገዛበት የለውም፤ ሱቁን ያገኘ ነጋዴ ምንጭ አገኘ። በዛሬዋ ኦክላሆማ ውስጥ ባለው በፎርት ሲል ጆን ኤቫንስ የሚባል ነጋዴ ነበር። የቤልክናፕ ሚስት ሹመቱ ኬለብ ማርሽ ለሚባል የኒውዮርክ ወዳጇ እንዲሰጥ መንገድ ጠረገች። ማርሽ ግን ፎርት ሲል ድረስ ወርዶ ስኳርና ትምባሆ ለመቸርቸር አልተነሣም። ከኤቫንስ ጋር ተዋዋለ፤ ኤቫንስ ሱቁን ይዞ ይቀጥል፣ በዓመት 12,000 ዶላር ለማርሽ ይክፈል፤ ማርሽ ደግሞ ግማሹን ወደ ሚኒስትሩ ቤት ይልካል። ሚስትየው በዚያው ዓመት ሞተች፤ ገንዘቡ ግን መምጣቱን አላቆመም። ቤልክናፕ ቆይቶ እህቷን አገባ፤ ክፍያውም ቀጠለ። ጠቅላላው ወደ 20,000 ዶላር ደረሰ። ኤቫንስ ያንን ከየት አመጣው? ከወታደሩ ኪስ፣ በዋጋ ጭማሪ።

በ1876 መጀመሪያ ማርሽ በተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሁሉንም ተናገረ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሂስተር ክላይመር በፕሪንስተን ኮሌጅ ከቤልክናፕ ጋር በአንድ ክፍል ያደረ ጓደኛው ነበር። መጋቢት 2 ቀን ጠዋት ቤልክናፕ ወደ ዋይት ሐውስ ሮጠ፤ እያለቀሰ መልቀቂያውን አቀረበ፤ ግራንትም ተቀበለው። ከሰዓት በኋላ ምክር ቤቱ አንድም ሰው ሳይቃወም ከሰሰው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል የኛ ተረት። ቤልክናፕ በልቷል የተባለ ሰው ነው፤ የሱ ብልሃት መሻሩን ራሱ መቅደሙ ነው። የሕጉ ጥያቄም ከዚህ የበለጠ ጥርት ብሎ ሊቀርብ አይችልም፤ የጥቂት ሰዓት ቀደምትነት ሰውን ከሴኔት እጅ ያወጣል ወይ?

ጠበቆቹ በኛ ፍርድ ቤቶች «የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ» የምንለውን አነሡ፤ ተከሳሹ ተራ ዜጋ ነውና ይህ ሸንጎ የዳኝነት ሥልጣን የለውም አሉ። ሴኔቱ ክርክሩን ሰምቶ ግንቦት 29 ቀን ብይን ሰጠ፤ 37 ለ29 በሆነ ድምፅ መልቀቁ ከክስ አያድነውም። ወደ ፍሬ ነገሩ ተገባ፣ ምስክሮች ተሰሙ። ነሐሴ 1 ቀን ድምፅ ሲሰጥ ከአምስቱ ክሶች በአንደኛውም ሁለት ሦስተኛ አልተገኘም። ከፍተኛው 37 ጥፋተኛ፣ 25 ጥፋተኛ አይደለም ነበር፤ ከ62 ድምፅ 42 ያስፈልግ ነበርና ቤልክናፕ ነጻ ወጣ። ነጻ ካሉት ከ25ቱ አብዛኞቹ ግን ገንዘቡን አልበላም ብለው አልነበረም። ሴኔቱ ሥልጣን የለውም ብለን እናምናለን አሉ።

ልብ በሉ፣ የትምህርቱ ማዕከል እዚህ ነው። አንድ መቃወሚያ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። በመጀመሪያ ሲነሣ የሚወሰነው በአብላጫ ነበር፤ ተሸነፈ። ሁለተኛ በፍርዱ ቀን በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ለማሸነፍ አብላጫ አያስፈልገውም፣ ከሢሶ ጥቂት ማለፍ ይበቃዋል። በችሎት የለመድነው ሥርዓት ሌላ ነው። ዳኛው መቃወሚያውን በብይን ውድቅ ካደረገ በኋላ ወደ ማስረጃው ይገባል፤ በፍርዱ ቀን «ማስረጃው ተሟልቷል፣ ነገር ግን መጀመሪያውኑ ልዳኝ አይገባኝም ነበርና በነጻ ሂድ» አይልም። ሴናተር ግን ዳኛም ነው፣ ፈራጅ ሸንጎም ነው፣ ፖለቲከኛም ነው፤ ለምን እንደዚህ ድምፅ ሰጠህ ብሎ የሚጠይቀው ይግባኝ ሰሚ የለበትም። ስለዚህ «የወጣ ሹም ይከሰሳል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የቤልክናፕ ጉዳይ መልሱ ሁለት ነው፤ በብይን አዎ፣ በፍርድ አይ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ምክር ቤቶች ከዚህ ልምድ የተማሩት ሕግ ሳይሆን ድካም ነው። በ1926 የኢሊኖይ ፌዴራል ዳኛ ጆርጅ ኢንግሊሽ ተከስሶ ችሎቱ ሳይጀመር ለቀቀ፤ የተወካዮች ምክር ቤት ራሱ ክሱ ይቅር ብሎ ጠየቀ፣ ሴኔቱም ዘጋው። ሪቻርድ ኒክሰን ነሐሴ 9 ቀን 1974 ሲለቁ የፍትሕ ኮሚቴው ሦስት ክሶች አጽድቆ ነበር፤ ምክር ቤቱ ግን ክስ አልመሠረተም፣ የኮሚቴውን ሪፖርት በ412 ለ3 ድምፅ ተቀብሎ መዝገብ ቤት አስገባ። የኒክሰን ጡረታም አልተነካም፤ የ1958ቱ የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች ሕግ ጥቅሙን የሚነሣው በክስ ከሥልጣን የተነሣውን ፕሬዚዳንት ብቻ ነው፤ ኒክሰን ደግሞ ለቀቁ እንጂ አልተነሡም።

በ2021 ነገሩ ሁሉ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን አንድ ዋና ልዩነት ነበረው። ቤልክናፕ የተከሰሰው ከለቀቀ በኋላ ነው። ትራምፕ ግን ጥር 6 በካፒቶል ላይ በደረሰው ወረራ «አመፅ በማነሣሣት» የተከሰሱት ጥር 13 ቀን፣ በ232 ለ197 ድምፅ፣ ወንበራቸው ላይ ሳሉ ነው። ከሥልጣን የወጡት ከሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ የምክር ቤቱ ክስ የተመሠረተው በሥልጣን ላይ ባለ ሹም ላይ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ጥያቄው ምክር ቤቱ የጀመረውን ሴኔቱ ይጨርስ ወይ የሚል ነበር። እዚህ ላይ ነው ያቺ «ሁሉ» የምትለው ቃል የምትፈለገው። ሴኔት ክሶችን ሁሉ የመዳኘት ሥልጣን አለው፤ ትክክለኛ ክስ እጁ ላይ ካለ፣ «ከሁሉ ውስጥ ይህ ብቻ ይቀራል» የሚለው ልዩነት ከየት ይመጣል? እኔ ለቤልክናፕ ጉዳይ እጄን እያመነታሁ አነሣለሁ፤ ለዚህኛው አላመነታም።

የትራምፕ ጠበቆች ከጠቀሷቸው ነገሮች አንዱ ባዶው የዋና ዳኛ ወንበር ነበር። ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንት ሲዳኝ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ችሎቱን እንዲመራ ያዛል። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ግን አልመጡም፤ የመሩት ሴናተር ፓትሪክ ሌሂ ናቸው። «እንግዲህ እናንተው ራሳችሁ ተከሳሹ ፕሬዚዳንት እንዳልሆነ አምናችኋል» አሉ ጠበቆቹ። ብልህ ክርክር ነው፤ ግን የድንጋጌው ምክንያት ሲታይ ይቀልላል። በተለመደው ጊዜ ሴኔቱን የሚመራው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ቢሻር ወንበሩን የሚወርሰውም እሱ ነው። ወራሽ ዳኛ እንዳይሆን ሲባል ዋናው ዳኛ ተተካ። የወጣን ፕሬዚዳንት ሲዳኙ የሚወረስ ወንበር የለም፤ ስለዚህ ምክንያቱም የለም።

የከሳሾቹ መሪ ጄሚ ራስኪን ደግሞ ነገሩን ከቀን መቁጠሪያው አንጻር አዩት። የወጣ ሰው አይዳኝም ካልን የፕሬዚዳንት የመጨረሻ ወር፣ ጥር፣ ከሕግ ውጭ የሆነ ወር ይሆናል፤ ምርጫ ተሸንፎ ሥልጣን አላስረክብም ለማለት የሚፈተን ሰው የሚፈተነው ደግሞ በዚያው ወር ነው። የዚህ ክርክር ክብደት ይሰማኛል። በሌላ በኩል የሴኔቱ ሪፐብሊካን መሪ ሚች ማክኮኔል ሴኔቱን ከጥር 19 በፊት ለችሎት አልጠሩም፤ ኋላ ደግሞ ጊዜው አልፏል ሲሉ ነጻ አሉ። ድምፃቸውን ከሰጡ በኋላ ተነሥተው ለወረራው ትራምፕ ተጠያቂ ናቸው ብለው አጥብቀው ተናገሩ። የ1876ቱ ሴናተሮች በሕይወት ቢኖሩ ይህ ንግግር እንግዳ አይሆንባቸውም ነበር።

ድምፁን በቅደም ተከተል አስቀምጡት። ጥር 26 ቀን ሴናተር ራንድ ፖል ያቀረቡት መቃወሚያ 55 ለ45 ወደቀ። የካቲት 9 ቀን ሴኔቱ 56 ለ44 ሥልጣን አለኝ ብሎ በየነ። የካቲት 13 ቀን 57ቱ ጥፋተኛ፣ 43ቱ አይደሉም አሉ፤ 67 ያስፈልግ ነበር። ከ56 ወደ 57 ያደረሰችው አንዲት ድምፅ የሰሜን ካሮላይናው የሪቻርድ በር ናት። በር በብይኑ ጊዜ ሴኔቱ ሥልጣን የለውም ብለው ነበር። በፍርዱ ቀን ግን አብላጫው ስለወሰነ ያ ጥያቄ ተዘግቷል፤ የቀረኝ ማስረጃውን መመዘን ነው ብለው ጥፋተኛ አሉ። በመቃወሚያው ተሸንፈው ብይኑን በይፋ የተቀበሉ ብቸኛው ሴናተር እሳቸው ሆኑ። ትራምፕን ወደዱም ጠሉም፣ ሥነ ሥርዓት የሚያስተምር ሰው በር ያደረጉትን ለተማሪዎቹ ማሳየት አለበት።

ነገር ግን፣ ይባል ይሆናል፣ ለምን ይህ ሁሉ ድካም? ሰውየው ወጥቷል። መልሱ ከሁለተኛው ቅጣት ውስጥ ነው። ሴኔቱ ጥፋተኛ ካለ በኋላ ለክልከላው የተለየ ድምፅ ይሰጣል፤ ለዚያ አብላጫ ይበቃል። ዳኛ ሮበርት አርችባልድ በ1913 ሲሻሩ ክልከላው ያለፈው 39 ለ35 ነው። ክልከላ ካልተወሰነ ምን እንደሚሆን ደግሞ የአልሲ ሄስቲንግስ ሕይወት ያሳያል (የቤንጋሉ ሰው የስም ሞክሼ ናቸው)። በፍሎሪዳ ፌዴራል ዳኛ ነበሩ፤ በ1989 በጉቦ ሤራና በሐሰት ምስክርነት ከዳኝነት ተሻሩ፤ ሴኔቱ ግን አልከለከላቸውም። በ1992 ለተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ፤ የከሰሳቸው ምክር ቤት አባል ሆነው በ2021 እስኪሞቱ ድረስ አገለገሉ። መሻር ወንበርን ይነካል፤ ክልከላ ሰውየውን። የወጣውን ሹም መክሰስ ትርጉም የሚኖረው በዚህ በሁለተኛው ቅጣት ምክንያት ብቻ ነው።

ሌሎች አገሮች ጥያቄውን ለሁለት ተካፍለውታል። የብራዚሉ ፕሬዚዳንት ፈርናንዶ ኮሎር በታኅሣሥ 1992 መጨረሻ የሴኔቱ ችሎት እንደተከፈተ መልቀቂያቸውን ላኩ፤ ሴኔቱ አልቆመም፣ በ76 ለ3 ድምፅ ጥፋተኛ ብሎ ለስምንት ዓመት ከሥልጣን ከለከላቸው። የደቡብ ኮሪያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደግሞ በ2021 አንድ የተከሰሱ ዳኛ የሥራ ዘመናቸው ስላለቀ የሚነሡበት የለም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። የአንዱ አገር ሕግ ሰውየውን ሲያይ የሌላው ወንበሩን አየ።

አንድ ስጋት ሳልመልስ ማለፍ አልፈልግም። የወጣ ሹም ይከሰሳል ካልን፣ አዲስ የመጣ ምክር ቤት ሁሉ የቀደመውን መንግሥት ሹማምንት እያወጣ አይከስም ወይ? ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ፖለቲካው ሹም ሽር የሆነ አገር ሰው ደግሞ ይበልጥ ይገባዋል። ሆኖም የምክር ቤት ክስ ውድ መሣሪያ ነው፤ ሁለት ሦስተኛ ሴናተር የሚጠይቅ በቀል ርካሽ በቀል አይደለም። አዳምስ ዕድሜዬን ሙሉ ልከሰስ እችላለሁ ካለበት ከ1846 ጀምሮ እስከ ዛሬ ከለቀቀ በኋላ የተከሰሰው ቤልክናፕ ብቻ ነው። ደላዌር ያበጀችው የ18 ወር ገደብ ግን ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ፊላደልፊያ ላይ አለመወሰዱ ያሳዝነኛል።

የወጣው ሹም በመደበኛ ፍርድ ቤት መከሰሱስ? ያ ሌላ መንገድ ነው፤ የቅጣት ጣሪያውን የሚወስነው አንቀጽ ራሱ በሴኔት ጥፋተኛ የተባለ ሰው በወንጀል ሊጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። የትራምፕ ጠበቆች ይህን ገልብጠው፣ በሴኔት ጥፋተኛ ያልተባለ ፕሬዚዳንት በወንጀል አይከሰስም ብለው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 1 ቀን 2024 ለፕሬዚዳንቶች ሰፊ ያለመከሰስ ከለላ ሲሰጥ እንኳ ይህን ክርክር አልተቀበለም።

ታዲያ ፍርድ ቤቱ ዋናውን ጥያቄ ለምን አይመልስም? የተሻረ አንድ ዳኛ፣ ዋልተር ኒክሰን (እሱም ሞክሼ ነው፤ ሞክሼ የበዛበት ትምህርት ሆነ) ሴኔቱ በትክክል አልዳኘኝም ብሎ ቢከስ፣ ፍርድ ቤቱ በ1993 አዳኛኘቱ የሴኔት ብቻ ነው፣ አልገባበትም አለ። የወጣ ሹም ጉዳይ ግን የአዳኛኘት ሳይሆን የሥልጣን ወሰን ጥያቄ ነውና ምናልባት ሊሰማ ይችላል። እንዲሰማ መጀመሪያ አንድ ሰው ከሥልጣን ከወጣ በኋላ በሁለት ሦስተኛ ጥፋተኛ መባል፣ በአብላጫ መከልከል፣ ከዚያም ክልከላውን ጥሶ ለሹመት ወይም ለምርጫ መቅረብ አለበት። ቤልክናፕ በአምስት ድምፅ፣ ትራምፕ በአሥር ድምፅ ተርፈዋል። እንደዚያ ያለ ባለ ጉዳይ እስካሁን የፍርድ ቤቱን በር አላንኳኳም።